ጂጎሮ ካኖ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ተማሪ የነበረ አስተማሪ

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር በሚወጣው በዚህ መጽሔት ላይ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሮች ስለ ማን እንጻፍ ብለን ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን ስለ ጦር አለቆች፣ አንዳንዶቻችንም ስለ ነገሥታት እንጻፍ አልን። በመጨረሻ ግን በዓሉ የትምህርት ቤት በዓል ስለ ሆነ የትምህርት ቤት ሰው እንምረጥ ተባባልን። የመረጥነውም ሰው በ12 ምንጣፍ ላይ በ9 ተማሮች ትምህርት የጀመረው፣ ትምህርቱ ግን በዓለም ሁሉ የተዘረጋለት ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ ነው።

ብዙ ሰዎች ካኖን የሚያውቁት ጁዶ የሚባለውን የትግል ትምህርት በማቋቋሙ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንወደው፣ ካኖ ታላቅ አስተማሪ ለመሆን የቻለው ተማሪነቱን እስከ ዕለተ ሞቱ ስላልተወ መሆኑን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ጂጎሮ ካኖ ኦክቶበር 28 ቀን 1860 ሚካጌ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ተወለደ። መንደሪቱ ዛሬ የኮቤ ከተማ ክፍል ናት። ቤተ ዘመዶቹ ከሩዝ የሚጠመቀውን ሳኬ የሚባለውን መጠጥ በማዘጋጀት የታወቁ ባለጸጎች ነበሩ። እናቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞተች አባቱ ወደ ቶክዮ ወስዶ አሳደገው። ያ ዘመን ለጃፓን የትልቅ ለውጥ ዘመን ነበረ። በ1868 የሾጉኖች አገዛዝ ቀርቶ ሥልጣን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሜይጂ በመመለሱ፣ መንግሥቱ የምዕራባውያንን ጥበብ ለማስገባት ይቸኩል ነበር። አባቱም ትምህርትን እጅግ የሚወድ ሰው ስለ ነበረ ልጁን እንግሊዝኛ ወደሚማርበት አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባው።

በትምህርቱ ካኖን የሚያህል ጥቂት ነበረ። በአካሉ ግን ቀጭንና አጭር ነበረ፤ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ እንኳ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ60 ሳንቲም አላለፈም። ስለዚህ በአዳሪ ቤቱ ትልልቆቹ ልጆች ይገፉትና ይመቱት ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በማናቸውም አገር ባለ አዳሪ ቤት የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ከእኛም መካከል ካኖ ምን እንደ ተሰማው ሳይነገረው የሚያውቀው አይጠፋም። ብዙ ልጅ እንዲህ ሲደርስበት ወይ ቂም ይይዛል፣ ወይ ከእሱ የሚያንሰውን ፈልጎ ይመታል። ካኖ ግን ደካማ ሰው ብርቱውን የሚያሸንፍበት ጁጂትሱ የሚባል ጥበብ መኖሩን ስለ ሰማ፣ ያን ጥበብ የሚያስተምረው ሰው መፈለግ ጀመረ።

ፍለጋው ግን ቀላል አልነበረም። ጁጂትሱ የጥንት የጃፓን ወታደሮች፣ የሳሙራዮች፣ ያለ መሣሪያ የመዋጋት ጥበብ ነበረ። ሥርዓቱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ በየአውራጃው ብዙ ዓይነት ስልት ነበረ፣ እያንዳንዱም አስተማሪ የራሱን ምሥጢር ለራሱ ተማሮች ብቻ ያወርስ ነበር። በአዲሱ ዘመን ሳሙራዮች ማዕረጋቸውን ስላጡና በ1876 ሰይፍ መታጠቅ ስለ ተከለከለባቸው፣ ጥበቡም ያረጀና የማይረባ ተብሎ ተናቀ። አባቱም ቢሆን የድሮውን ነገር ትተህ አዲሱን ትምህርት ተማር እያለ ይመልሰው ነበር። ይሁን እንጂ ካኖ አንድ ነገር አስተዋለ። የጁጂትሱ አስተማሮች ችግር ሲጸናባቸው ወጌሻ ሆነው፣ የተሰበረ አጥንት እየጠገኑና ወለምታ እያሹ ይኖሩ ነበር። ስለዚህ ካኖ በቶክዮ መንገዶች የወጌሻ ምልክት ባየ ቁጥር እየገባ ጁጂትሱ ታውቃለህን እያለ ይጠይቅ ጀመር።

በዚህም ዓይነት በ1877፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሆነበት ዓመት፣ ሃቺኖሱኬ ፉኩዳ የሚባለውን ወጌሻ አገኘ። ፉኩዳ የሚያስተምረው ቴንጂን ሺንዮ የሚባለውን ስልት ሲሆን፣ ይህም ባላጋራን ጨብጦ መያዝን፣ ማነቅንና መምታትን የሚያስቀድም ነው። ካኖ ቀን በዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ማታ ከፉኩዳ ዘንድ ይወድቃል። አንድ ቀን አስተማሪው አንድ አዲስ አጣጣል በጣለው ጊዜ፣ እጅና እግር እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ አስረዳኝ ብሎ ጠየቀው። ፉኩዳም በመመለስ ፈንታ ደግሞ ጣለው። ካኖ ተነሥቶ እንደ ገና ጠየቀ፣ እንደ ገናም ተጣለ። አሮጌው አስተማሪ ጥበብ በቃል አይገባም፣ በመደጋገም ነው እንጂ የሚል ሰው ነበረ። ካኖ ግን ሁለቱም ያስፈልጋል ብሎ አሰበ፤ ሰውነት ይልመድ፣ አእምሮም ምክንያቱን ይወቅ። ኋላ ያቋቋመው ትምህርት ሁሉ የበቀለው ከዚህ ጥያቄ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በፉኩዳ ዘንድ ከሚማሩት መካከል ፉኩሺማ የሚባል፣ ሰውነቱ እጅግ የገዘፈ አንድ ሰው ነበረ። ካኖ የተማረውን ሁሉ ቢሞክርበት ሊያነቃንቀው አልቻለም። በመጀመሪያ ሱሞ ከሚባለው የጃፓን ትግል ስልት ፈለገ፤ አልሆነለትም። ቀጥሎ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ስለ አውሮፓውያን ትግል የተጻፈ መጽሐፍ አገላበጠ። በዚያም ባላጋራን በትከሻ ላይ እንደ ሸክም አንሥቶ የሚጥሉበትን ስልት አገኘ። ከጓደኞቹ ጋር ደጋግሞ ከተለማመደ በኋላ ፉኩሺማን ገጠመውና፣ ያን ግዙፍ ሰው በትከሻው አንሥቶ ጣለው። ይህ አጣጣል እስከ ዛሬ በጁዶ ውስጥ ይገኛል። ካኖ ለአገሩ ጥበብ ያለው ፍቅር ከባዕድ መጽሐፍ እንዳይማር አላገደውም።

በኦገስት 1879 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት ጃፓንን በጎበኘ ጊዜ፣ የጁጂትሱን ጥበብ እንዲያሳዩ ከተጠሩት መካከል ፉኩዳና ወጣቱ ካኖ ነበሩ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ፉኩዳ ሞተ። ቤተ ሰቡም የስልቱን መጻሕፍት ለካኖ ሰጥተው የመለማመጃውን ቤት እንዲጠብቅ አደራ አሉት። ያን ጊዜ ዕድሜው 18 ዓመት፣ ማለት የብዙዎቻችን ዕድሜ ነበረ። እኛ በዚህ ዕድሜ አስተማሪ ተብለን ወንበር ቢሰጠን ከወንበሩ ለመነሣት የምንፈቅድ ስንቶቻችን ነን? ካኖ ግን የሚያውቀውን ከማያውቀው ጋር መዘነና የጎደለው እንደሚበልጥ አየ። ስለዚህ ማሳቶሞ ኢሶ ወደሚባለው፣ የዚያው ስልት ሽማግሌ ወደ ሆነው አስተማሪ ሄዶ እንደ ገና ተማሪ ሆነ።

ኢሶም በ1881 ሞተ። ካኖ ሦስተኛ አስተማሪ ፍለጋ ወጥቶ ጹኔቶሺ ኢይኩቦን አገኘ። ኢይኩቦ የሚያስተምረው ኪቶ የሚባለውን ሌላ ስልት ነበረ። የኪቶ ስልት ከመያዝና ከማነቅ ይልቅ መጣልን ያስቀድማል። ካኖ አራት ዓመት ያህል ደክሞ ካወቀው ነገር የሚለይ ሆኖ ስላገኘው፣ እንደ ጀማሪ ከመጀመሪያው ጀመረ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ፣ አንዱ ስልት የጎደለውን ሌላው እንደሚሞላው የተረዳው በዚህ ጊዜ ነው።

በ1882 ዩኒቨርሲቲውን ጨርሶ ጋኩሹኢን በሚባለው የመሳፍንት ልጆች ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር፣ በ21 ዓመቱ፣ ኤይሾጂ በሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ቦታው የሚበቃው ለ12 የገለባ ምንጣፍ ብቻ ነበረ። በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገቡትም ተማሮች 9 ነበሩ። ወጣቶቹ ሲወድቁ ቤቱ ይናወጥ ስለ ነበረ የቤተ መቅደሱ መነኮሳት ብዙ ጊዜ ያጉረመርሙ ነበር። ካኖ ትምህርት ቤቱን ኮዶካን ብሎ ሰየመው፤ ይህም መንገድን የሚያጠኑበት ቤት ማለት ነው። ትምህርቱንም ጁዶ አለው፤ ትርጓሜው የልስላሴ መንገድ ማለት ነው።

ለመሆኑ ልስላሴ ብርታትን እንዴት ያሸንፋል? ካኖ ይህን በቁጥር ያስረዳ ነበር። አንዱ ሰው 10 የሚያህል ኃይል፣ ሌላው 7 የሚያህል ኃይል አላቸው እንበል። ብርቱው ሲገፋ ደካማው መልሶ ቢገፋ መሸነፉ የማይቀር ነው። ነገር ግን መቃወሙን ትቶ፣ የራሱን ሚዛን ጠብቆ፣ በተገፋበት ልክ ቢያፈገፍግ፣ ገፊው የሚደገፍበት አጥቶ ወደ ፊት ያዘነብላል። ሚዛኑን ባጣ ጊዜ 10 የነበረው ኃይሉ ወደ 3 ይወርዳል። ደካማው ግን 7ቱ እንዳለ ስለ ሆነ፣ በግማሽ ኃይሉ እንኳ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ መጣል የሚጀምረው በእጅ ሳይሆን ሚዛንን በመንሣት ነው። ካኖ ይህን ካወቀ በኋላ ከኢይኩቦ ጋር ሲለማመድ አስተማሪው ሊጥለው አልቻለም፤ እሱ ግን አስተማሪውን ደጋግሞ ጣለው። ኢይኩቦም ምክንያቱን ጠይቆ በተረዳ ጊዜ፣ ሳይቀና ተማሪው ከእንግዲህ የራሱን መንገድ እንዲሄድ ፈቀደለት። እኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከካኖ ይልቅ ኢይኩቦን ማድነቅ ይቃጣናል።

ካኖ ከየስልቱ መልካሙን መረጠ፤ አካል የሚያጎድለውን ከነጻው ልምምድ አወጣ። በጁዶ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው መጣልን ሳይሆን መውደቅን ነው። እጁን እንዴት አድርጎ ምንጣፉን እንደሚመታ፣ ራሱን እንዴት እንደሚያድን ሳያውቅ ከማንም ጋር አይገጥምም። መውደቅ የማይፈራ ሰው ለመማር አይፈራምና። ካኖ ራሱ በ1889 ወደ አውሮፓ ሄዶ በ1891 በመርከብ ሲመለስ፣ አንድ ግዙፍ የሩስያ ሰው ጉልበቱን ሊፈትንበት እንደ ያዘው ይነገራል። ካኖ ጣለው፤ ነገር ግን ራሱ ከመርከቡ ወለል ጋር እንዳይጋጭ በእጁ ደገፈው። ተመልካቾቹም ከመጣሉ ይልቅ መደገፉን አደነቁ።

ካኖ በኑሮው የትግል አስተማሪ ብቻ አልነበረም። በኩማሞቶ የከፍተኛ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኖ ሳለ፣ ጸሐፊው ላፍካዲዮ ኸርን በ1891 በዚያው እንግሊዝኛ ለማስተማር መጣ፤ ኋላም ስለ ጁጂትሱ ጽፎ ለምዕራቡ ዓለም አስታወቀ። ከ1893 ጀምሮ ካኖ ሃያ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በቶክዮ የከፍተኛ መምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የበላይ ሆኖ ሠራ። ለመላው ጃፓን አስተማሮችን የሚያወጣው ይህ ቤት ስለ ነበረ፣ የካኖ አሳብ በብዙ ክፍሎች ውስጥ ተዘራ። በ1896 ደግሞ 13 የቻይና ወጣቶች ለትምህርት ወደ ጃፓን በመጡ ጊዜ አደራውን የተቀበለው እሱ ነው። ከዚያም ለቻይናውያን ባቋቋመው ትምህርት ቤት ከ1902 እስከ 1904 ከተማሩት አንዱ፣ ኋላ የቻይና ታላቅ ደራሲ የሆነው ሉ ሹን ነው።

በ1909 ካኖ ከእስያ ሰዎች የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነ። በ1912 ጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስቶክሆልም ስትሄድ ያሰለፈቻቸው ሯጮች ሁለት ብቻ ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ የካኖ ትምህርት ቤት ተማሪ ሺዞ ካናኩሪ ነበረ። ካናኩሪ በማራቶን ሩጫ ላይ ሙቀቱ አሸንፎት መንገድ ላይ ቀረ። በ1967 ግን በሽምግልናው ወደ ስቶክሆልም ተጠርቶ፣ ሩጫውን ከ54 ዓመት ከ8 ወር በኋላ ፈጸመ።

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን ካኖ ካረጀና ከከበረ በኋላ ያደረገው ነው። በ1922 ጊቺን ፉናኮሺ የሚባል የትምህርት ቤት አስተማሪ ካራቴ የሚባለውን ጥበብ ለማሳየት ከኦኪናዋ ደሴት ወደ ቶክዮ መጣ። ካኖ ተፎካካሪ መጣብኝ አላለም፤ ወደ ኮዶካን ጋብዞ ጥበቡን እንዲያሳይ አደረገው። የካራቴ ተማሮች የሚለብሱት ነጭ ልብስና ቀበቶም ከጁዶ የተወሰደ ነው። በ1928 በኮዶካን ውስጥ የጥንት ስልቶች የሚጠኑበት ማኅበር አቁሞ፣ የሰይፍና የበትር ጥበብ የሚያውቁ አስተማሮችን እየጠራ ተማሮቹን አስተማረ። በ1930፣ ዕድሜው 70 ሲሆን፣ ሞሪሄይ ኡዬሺባ የሚባለውንና ኋላ አይኪዶ የተባለውን ጥበብ የሚያስተምረውን ሰው ሄዶ ተመለከተ። ጥበቡ ስለ ማረከው ሚኖሩ ሞቺዙኪን ጨምሮ ከራሱ ተማሮች መርጦ ከኡዬሺባ ዘንድ እንዲማሩ ላከ። ትልቅ አስተማሪ፣ ተማሮቹን ከእኔ የማታገኙትን ከሌላ ተማሩ ብሎ ሲልክ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ሴቶችንም ከ1893 ጀምሮ ያስተምር ነበር፤ በ1926 የሴቶች ክፍል በኮዶካን ተከፈተ። በ1934 አዲስ ሕንፃ ሲሠራም ምንጣፎቹ ከ500 በላይ ሆኑ። በ1935 የሟች አስተማሪው የፉኩዳ የልጅ ልጅ ኬይኮ ፉኩዳ፣ በራሱ በካኖ ተጋብዛ ትምህርት ጀመረች። ከወጌሻው ቤት የተቀበለውን፣ ከ58 ዓመት በኋላ ለወጌሻው የልጅ ልጅ መለሰ ማለት ነው።

የመጨረሻው ዘመኑ ግን በኀዘን የተደባለቀ ነበረ። ብዙ ከደከመ በኋላ በ1936 የኦሊምፒክ ኮሚቴ በበርሊን ተሰብስቦ፣ የ1940 ጨዋታ በቶክዮ እንዲሆን በ36 ድምፅ በ27 ወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ጃፓን ከቻይና ጋር ጦርነት ገጠመች። ይህን ዝም ብለን ማለፍ አንወድም። የቻይናን ልጆች ያስተማረው ሰው፣ የአገሩ ጦር የቻይናን ከተሞች በሚያጠፋበት ጊዜ በዓለም ፊት ቆሞ ጨዋታው ከአገሬ አይወሰድ ብሎ ተከራከረ። ትምህርቱ ራስና ባልንጀራ አብረው እንዲጠቀሙ የሚያዝ ሆኖ ሳለ፣ መንግሥቱ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። አንድ ሽማግሌ ያን ጎርፍ ሊያቆም አይችልም ነበር። ቢሆንም ጨዋታው ቢደረግ ሕዝቦች ይቀራረባሉ የሚለውን ተስፋውን የጦርነቱ እውነት በልጦት እንደ ነበረ መናገር ይገባናል።

በማርች 1938 በካይሮ በተደረገው ስብሰባ ጨዋታውን ለቶክዮ አጸና። ከዚያም በአሜሪካ በኩል ዞሮ ሂካዋ ማሩ በምትባል መርከብ ወደ አገሩ ሲመለስ የሳንባ ምች ያዘው። ሜይ 4 ቀን 1938፣ መርከቢቱ ዮኮሃማ ልትደርስ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ በ77 ዓመቱ በባሕር ላይ ሞተ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ጃፓን ጨዋታውን አላዘጋጅም አለች።

የዘራው ግን አልጠፋም። በኦክቶበር 1964 ጨዋታው በመጨረሻ ቶክዮ ላይ ተደረገ፤ ጁዶም ለመጀመሪያ ጊዜ ከኦሊምፒክ ጨዋታዎች ተቆጠረ። በዚያው ወር አበበ ቢቂላ በቶክዮ ጎዳናዎች ሮጦ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቁን ለአገራችን አመጣ። አበበ ባሸነፈ በሁለተኛው ቀን፣ የሆላንዱ አንቶን ጌሲንክ በጁዶ የጃፓኑን አኪዮ ካሚናጋን አሸነፈ። ጃፓናውያን አዘኑ፤ ነገር ግን የጃፓን ትምህርት የዓለም ትምህርት መሆኑ የታወቀው በዚያ ሽንፈት ነው። በ1992 የሴቶች ጁዶም በኦሊምፒክ ገባ። ኬይኮ ፉኩዳ አሜሪካ ውስጥ ስታስተምር ኖራ በ2011 በዚያ አገር የመጨረሻውን የ10ኛ ደረጃ ማዕረግ ተቀበለች፤ በ2013 በ99 ዓመቷ ዐረፈች።

ውድ ጓደኞቻችን ሆይ፣ እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ እንወጣለን። አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዶቻችን ወደ ሥራ እንሄዳለን፤ ፈተናው የሚጥለንም አንጠፋም። የምስክር ወረቀት በተቀበልን ማግስት ትምህርት አልቋል የሚል አሳብ ይመጣብናል። ያን ጊዜ በ18 ዓመቱ የአስተማሪ ወንበር ቀርቦለት ተማሪ ልሁን ያለውን፣ በ70 ዓመቱም ሌላ አስተማሪ ሲያይ ደስ ያለውን ሰው እናስብ። መውደቅንም አስቀድመን እንማር፤ የወደቀ ተነሥቶ እንደ ገና ይጠይቅ። ታናናሾቻችን ሆይ፣ አዳሪ ቤቱን ለእናንተ እንተውላችኋለን። ከእናንተ የሚያንሰውን ልጅ አትግፉት፤ ሲወድቅም ራሱን በእጃችሁ ደግፉለት።